ለትል የሚተወው ማሳ፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት ስለ መጠለያ ማሳ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። አማርኛው ጥሩ ነው። ጸሐፊው ለገበሬው እንደሚቆረቆሩም ያስታውቃል። ግን ነገሩን ከሥሩ ስተውታል ብዬ አምናለሁ። ዝም ብዬ ልለፈው ብል አልሆነልኝም።

ጽሑፉን ላላነበባችሁ በአጭሩ ላስረዳ። ቢቲ የሚባሉ ሰብሎች አሉ። ከአንድ የአፈር ባክቴሪያ የተወሰደ ዘረ-መል ገብቶባቸዋል። በዚያ ዘረ-መል ተክሉ ራሱ ትል የሚገድል ፕሮቲን ይሠራል። ቅጠሉን ወይም አገዳውን የበላ ትል ይሞታል። መጠለያ ማሳ የሚባለው ደግሞ ከቢቲው አጠገብ የሚዘራ ተራ ዘር ነው። ቢቲ የለበትም። እዚያ ላይ ትሉ ይበላል፣ ያድጋል፣ የእሳት እራት ሆኖ ይበራል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ታስቦበት ነው።

የጸሐፊው ተቃውሞ ይህን ይመስላል። መጠለያ ማሳ ድሃው ገበሬ ትል እንዲቀልብ ማስገደድ ነው ይላሉ። ቢቲ ከተፈጥሮ የተገኘ ስለሆነ ትሉ አይለምደውም፤ እንዲያውም የሚያስለምደው መጠለያው ነው ይላሉ። በጣና ዙሪያ ሌላ ሰብልና ሳር ስለሞላ መጠለያውን ተፈጥሮ ሰጥታናለች ይላሉ። ዝሆኔ ሳር ዳር ዳር መትከል ያንኑ ሥራ ይሠራል ይላሉ። የግድ ከሆነም ዘሩን ቀላቅሎ መዝራት ይበቃል ይላሉ። በመጨረሻም ትሉ ቢለምድ ሌላ ዘር ይመጣል ብለው ይዘጋሉ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። ልውጥ ሕያዋን (እንደ ቢቲ ሰብል የሌላ ፍጡር ዘረ-መል የገባባቸው) ወደ አገራችን ይግቡ ወይስ አይግቡ የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ዛሬ አልገባበትም። ግን ጥጡ ፈቃድ ካገኘ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት የቢቲ ጥጥ ድቅል ዘሮች ተፈቅደዋል፤ ሁለቱም ከሕንድ የመጡ ናቸው። ቴላ የሚባለው የቢቲ በቆሎም በተከለለ የምርምር ማሳ ሲሞከር ቆይቷል። ስለዚህ ስለ መጠለያ ማሳ የምናወራው ስለ ሩቅ አገር ብቻ አይደለም። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።)

የምጀምረው ከመልመዱ ነው። እዚህ ላይ ካልተግባባን ሌላው ሁሉ ትርጉም የለውም።

ቃሉ ራሱ ያሳስታል። «ትሉ መድኃኒቱን ለመደ» እንላለን። ሰው በርበሬ እንደሚለምደው ማለት ነው። ሕፃኑን ትንሽ ያቀምሱታል፤ ያለቅሳል። ነገ ደግሞ ያቀምሱታል። ከዓመት በኋላ ቀይ ወጥ ይበላል። ጸሐፊው ትሉንም እንዲህ ነው ያሰቡት። መጠለያው ውስጥ እየተዝናና ያደገ ትል ቀስ በቀስ ቢቲውን ይለማመዳል ብለዋል።

እንደዚያ አይደለም። መጠለያው ውስጥ ቢቲ የለም። የሌለ ነገር አይለመድም። ቢቲውን የበላ ትል ደግሞ ለመልመድ ጊዜ የለውም፤ ይሞታል። የማይሞተው ሲወለድ ጀምሮ የማይሞት የነበረው ነው። ጥቂት ትሎች መርዙን የሚቋቋም ዘረ-መል ይዘው ይፈለፈላሉ። ቢቲው ሌሎቹን ገድሎ ሜዳውን ለነሱ ይለቅላቸዋል። እኛ ከውጭ ስናይ «ለመደ» እንላለን። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ የሚሞተው ዘር አለቀ፣ የማይሞተው ተባዛ።

በቁጥር ልሞክረው። ቁጥሩ ለማስረዳት ብቻ ነው። በአንድ አካባቢ በቆሎ ላይ 1 ሚሊዮን ትል ተፈለፈለ እንበል። ከሺህ ዘረ-መል አንዱ መርዙን የሚቋቋም ይሁን። ትል እንደ ሰው ከእናቱም ከአባቱም ይወርሳል። ከሁለቱም ወገን የሚቋቋመውን የወረሰ ትል ከሚሊዮኑ አንድ ብቻ ነው። ከአንድ ወገን ብቻ የወረሱት ወደ 2 ሺህ ይጠጋሉ። ተክሉ በቂ መርዝ ካለው እነዚህ 2 ሺዎቹ ይሞታሉ። የሚተርፈው ያ አንዱ ነው።

አሁን ማሳው ሁሉ ቢቲ ነው እንበል። የዚህ አካባቢ አንድ፣ የዚያኛው አካባቢ አንድ፣ እንዲህ እያሉ የተረፉት በሌሊት ይበራሉ። የሚያገኙት እርስ በርስ ብቻ ነው። ሌላ የለማ! የሚወልዱት ሁሉ ከሁለት ወገን የወረሰ ይሆናል። በጥቂት ትውልድ ቢቲው ተራ በቆሎ ሆነ ማለት ነው።

ከማሳው አንድ አምስተኛው ተራ ዘር ቢሆንስ? ከዚያ ማሳ እስከ 200 ሺህ የሚደርሱ ተራ የእሳት እራቶች ይወጣሉ። ያቺ አንዷ ከነሱ መሃል ነው ጥንድ የምታገኘው። ልጆቿ የሚቋቋመውን የሚወርሱት ከአንድ ወገን ብቻ ነው። እነሱ ደግሞ ቢቲውን ሲበሉ ይሞታሉ። የመጠለያ ማሳ ሥራ ይኸው ነው። ትሉን የምናሳድገው ለትሉ ብለን አይደለም። ያቺ የተረፈችው ብጤዋን እንዳታገኝ ነው።

ቢቲ ከተፈጥሮ የተገኘ ነው የሚለው እውነት ነው። ባክቴሪያው መጀመሪያ የታወቀው በ1901 ጃፓን ውስጥ የሐር ትል ሲገድል ነው። በ1911 ደግሞ በጀርመን ቱሪንጊያ እንደገና ተገኘ፤ ስሙንም ያገኘው ከዚያው ቦታ ነው። ግን ተፈጥሯዊ መሆኑ ከምንም አያድነውም። የጎመን ትልን ተመልከቱ። በ1990 ሃዋይ ውስጥ ቢቲን መቋቋሙ ተረጋግጧል። ያኔ ልውጥ ሰብል ገበያ ላይ አልዋለም ነበር። ገበሬዎቹ ባክቴሪያውን በውሃ እየበጠበጡ ነበር የሚረጩት። ደጋግመው ረጩ፤ የሚሞተው አለቀ።

ጸሐፊው ማስረጃ ስለጠየቁ አንድ ትል በሁለት አገር ምን እንዳደረገ ልንገራቸው። ሮዝ ጓይ ትል ይባላል። የጥጥ ፍሬ ውስጥ ገብቶ ዘሩን ይበላል። መተማና ቋራ ጥጥ ያለማ ሰው ጓይ ትል ሲባል ምን እንደሆነ አይጠፋውም።

አሜሪካ ውስጥ አሪዞና የቢቲ ጥጥ በ1996 ገባ። ገበሬዎቹ መጠለያውን ዘሩ። ከአሥር ዓመት በላይ ትሉ ቢቲውን አላሸነፈም። ከ2006 ጀምሮ መካን የተደረጉ የእሳት እራቶች በብዛት ተለቀቁ። በ2018 ሮዝ ጓይ ትል ከአገሪቱ የጥጥ አካባቢዎች መጥፋቱ ታወጀ።

ሕንድ ውስጥ የቢቲ ጥጥ በ2002 ገባ። እዚያም መጠለያ እንዲዘራ ደንብ ወጣ። 450 ግራም የቢቲ ዘር ሲገዛ 120 ግራም ተራ ዘር በትንሽ ከረጢት አብሮ ይሰጣል። ብዙው ገበሬ ትንሿን ከረጢት አልዘራትም። ምን እንደሆነች ያስረዳው አልነበረም፤ ወይም እንደ ጸሐፊው ትል መቀለቢያ መስላ ታይታው ይሆናል። ጉጃራት ውስጥ ትሉ የመጀመሪያውን ቢቲ ማሸነፉ በ2010 ይፋ ሆነ። ሁለት መርዝ ያለው ዘር በቦታው ተስፋፋ። እሱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ እጅ ሰጠ። ትሉ ያው አንድ ዓይነት ትል ነው። ዘሩም ቅርብ ለቅርብ ነው። የሁለቱ አገር ልዩነት ሌላም ምክንያት ይኖረዋል፤ ትንሿ ከረጢት ግን ከዋናዎቹ አንዷ ናት።

እኛ ጋ የተፈቀደው ጥጥ የመጣው ከሕንድ ነው። ዘሩ ሲመጣ ታሪኩም አብሮ ሊመጣ ይገባል።

አሁን ወደ ትል መቀለቡ ልመለስ። ጸሐፊው ከሁሉም በላይ የጮሁበት እሱ ነው። እኔም ከሁሉም በላይ ያሰብኩበት እሱ ነው።

አጎቴ የሚያርሱት መራዊ አጠገብ ነው። በቆሎ የሚዘሩት 3 ቃዳ ላይ ነው። ቃዳ የሄክታር ሩብ እንደሆነ የጎጃም ሰው ያውቃል። በ2009 ክረምት (ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው) የአሜሪካ መጤ ተምች ሲገባ እዚያው ነበርኩ። ማለዳ ተነስተን በእጅ ለቀምን። ልጆቹ ጣሳ ይዘው ይከተላሉ። የበቆሎው እምብርት መጋዝ ዱቄት የመሰለ ኩስ ሞልቶታል። እሱን በጣት ጠርገህ ትሉን ፈልጎ ማውጣት ነው። አመድ የነሰነሰም ነበር፤ አሸዋ የጨመረም ነበር። አጎቴ ከአንድ ሻጭ መድኃኒት ገዝተው ረጩ። ትሉ ንቅንቅ አላለም። ገንዘቡ ቀለጠ። ስለዚህ ለኝህ ሰው «ከማሳዎ ቆርሰው ለትል ይተዉ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል።

ግን ሒሳቡን በትክክል እንሥራው። ጸሐፊው ገበሬው የማሳውን አንድ አምስተኛ ያጣል ብለዋል። ያጣል የሚለው ቃል ልክ አይደለም። መጠለያው እኮ በቆሎ ነው። ይታጨዳል፣ ይበላል፣ ይሸጣል። የሚቀረው ትሉ የበላው ብቻ ነው። መጠለያው 20 በመቶ ቢሆንና ትሉ ከመጠለያው አንድ አምስተኛውን ቢበላ የጠፋው ከጠቅላላው ምርት 4 በመቶ ነው። 4 በመቶም ለድሃ ቀላል አይደለም። ግን 4 እና 20 አንድ አይደሉም።

20 የሚለው ቁጥርም ብቸኛው አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ለገበሬዎቿ ሁለት ምርጫ ሰጥታ ነበር። ወይ 20 በመቶ ዘርተህ ሌላ መድኃኒት እየረጨህ ታድነዋለህ። ወይ 5 በመቶ ብቻ ዘርተህ ምንም ሳትረጭ ትተወዋለህ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከተረጨ የሚወጣው የእሳት እራት ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ማሳው መስፋት አለበት። ካልተረጨ ብዙ ይወጣል፤ ትንሽ ቦታ ይበቃል። በአጎቴ 3 ቃዳ 20 በመቶው 1,500 ካሬ ሜትር ነው። 5 በመቶው 375 ካሬ ሜትር ነው። አንድ መለስተኛ የከተማ ግቢ ማለት ነው።

ይህን ለአጎቴ በወረቀት ላይ ሣልኩላቸው። ዝም ብለው አዩት። ከዚያ ጸሐፊው ያልጠየቁትን ጥያቄ ጠየቁኝ።

«እሺ ልጄ፣ እኔ ትሉን ላሳድግ። ጎረቤቴ ባያሳድግስ? የኔ የእሳት እራት የሱን ማሳ ልትጠብቅ ነው እኮ።»

ቁልፉ እዚህ ነው። የእሳት እራት የድንበር ድንጋይ አታውቅም። ትሉ በቢቲ መሞቱ የአንድ ሰው ሀብት አይደለም። እንደ ወል ግጦሽ ነው፤ የሁሉም ነው። አንዱ ቢቆጥብና ሌላው ቢያግጥ የቆጠበው ይጎዳል። ግጦሹም ያልቃል። ሕንድ ውስጥ ከረጢቷን የጣለው ገበሬ ሞኝ አልነበረም። ለብቻው ሲያስብ ልክ ነበር። ችግሩ ሁሉም ለብቻው ማሰቡ ነው።

ጸሐፊው አንድ ነገር ላይ ሙሉ በሙሉ እውነት አላቸው። የአሜሪካው ደንብ የተጻፈው በመቶ ሄክታር ለሚቆጥር ገበሬ ነው። እሱ ከራሱ መሬት ቆርሶ ራሱን ይጠብቃል። ያንን ደንብ እንዳለ አምጥቶ 3 ቃዳ ላይ መጫን ግፍ ነው። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ከዚህ ተነስቶ መጠለያው ይቅር ማለት አይከተልም። የሚከተለው ደንቡን እንደ አገራችን እንጻፈው የሚለው ነው።

እንዴት? አሜሪካ ውስጥ የበቆሎ መጠለያ ከቢቲው 800 ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ መሆን ነበረበት። መራዊ ላይ 800 ሜትር ብትሄዱ የስንት ሰው ማሳ ታቋርጣላችሁ? የብዙ ገበሬ። ስለዚህ መጠለያው የግድ የእያንዳንዱ ሰው ጥግ መሆን የለበትም። የጎጡ ሊሆን ይችላል። ቆጋን ውሰዱ። ወደ 7,000 ሄክታር የሚያለማ መስኖ ነው። ገበሬው ውሃ በተራ ነው የሚያገኘው። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር አለው። ማን መቼ እንደሚያጠጣ ተነጋግሮ የሚወስን ሰው የማን ጥግ ዘንድሮ ተራ ዘር እንደሚዘራበት መወሰን አያቅተውም። ዘንድሮ የአንዱ፣ ከርሞ የሌላው። ትሉ የበላውን ደግሞ ሌሎቹ በእህል ይተኩለት። ጎጃም ደቦና ወንፈል የሚያውቅ አገር ነው። ይህን ከእንግሊዝኛ መማር አያስፈልገንም።

መጠለያው የግድ ያው ሰብል መሆን የሌለበትም ጊዜ አለ። አውስትራሊያ ውስጥ ለቢቲ ጥጥ የርግብ አተር ይዘሩ ነበር። የጥጡ ትል የርግብ አተር በጣም ይወዳል። ስለዚህ ከትንሽ ማሳ ብዙ የእሳት እራት ይወጣል። እኛ ጋ ለአገዳ ቆርቁር፣ ማለትም የበቆሎ አገዳ ውስጥ ገብቶ ለሚበላው ትል፣ ይህ አይሠራም። የርግብ አተር አይበላም።

ይህ ደግሞ ወደ ተፈጥሮ መጠለያው ይወስደኛል። ጸሐፊው ጣና ዳር ቆመው ዙሪያውን አይተው አረንጓዴ ስለሆነ ደስ ብሏቸዋል። እኔም ደስ ይለኛል። ፎገራ ላይ ሩዝ፣ ዘጌ ላይ ቡና፣ ሐይቁ ዳር ማንጎና ደንገል። ግን አገዳ ቆርቁር ማንጎ አይበላም። ደንገል ላይም አያድግም። መጠለያ የሚሆነው ያ ትል የሚያድግበት ተክል ብቻ ነው። ለዚህ ትል ዋናዎቹ በቆሎና ማሽላ ናቸው። በምሥራቅ አፍሪካ የዱር ሳሮች ተፈትሸው ቆርቁሩ በብዛት የተገኘው በጥቂት ዓይነቶች ላይ ብቻ ነው። መራዊ ዙሪያ የምታዩት በቆሎ፣ ዳጉሳና ጤፍ ነው። ማሽላው ራቅ ብሎ ወደ ቆላው ነው። በቆሎው ሁሉ ቢቲ ቢሆን ትሉ የት ያድጋል? እዚህም እዚያም ጥቂት ይገኝ ይሆናል። ያቺን የተረፈችውን ለመክበብ ግን ጥቂት አይበቃም።

ደቡብ አፍሪካ የደረሰው ሊያስጨንቀን ይገባል፤ ምክንያቱም ትሉ የኛው ነው። አገዳ ቆርቁር፣ ያው ራሱ ዝርያው። እኛ ጋ ልጆች የሚያውቁት ነው። ቅጠሉን በስቶ አገዳው ውስጥ ይገባል። በበጋ እዚያው ተኝቶ ይከርማል። አገዳውን ለማገዶና ለአጥር ስለምናቆየው እሱም አብሮ ይቆያል። ዝናብ ሲመጣ የእሳት እራት ሆኖ ይወጣል።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የቢቲ በቆሎ መዘራት የጀመረው በ1998 ነው። በ2006 ትሉ ቢቲውን በልቶ ሲተርፍ ታየ። ቫልሃርትስ በሚባለው ትልቅ የመስኖ አካባቢም ተገኘ። የመጠለያ ደንቡ በወረቀት ነበር። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙው ገበሬ በአግባቡ አልዘራውም። መስኖ መሆኑን ልብ በሉ። ቢቲው በመስኖ፣ ተራው በደረቅ መሬት ቢዘራ ሁለቱ እኩል አያድጉም። የእሳት እራቶቹም እኩል አይወጡም። የተረፈችው ስትወጣ ተራዎቹ ገና ትል ናቸው። ቆጋ ላይ መጠለያ ቢታሰብ ከቦዩ ርቆ ጠፍ መሬት ላይ እንዳይጣል የምለው ለዚህ ነው። ያው ውሃ፣ ያው ሳምንት።

ሌላም ነገር አለ፤ ልደብቀው አልፈልግም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ትሉ ሲመረመር መቋቋሙ ከአንድ ወገን ብቻ ለወረሰውም የሚሠራ ሆኖ ተገኘ። ቅድም የሠራሁት ሒሳብ ለዚህ ትል ሙሉ በሙሉ አይሠራም ማለት ነው። ጸሐፊው ይህን ቢያውቁ ኖሮ ጥሩ መከራከሪያ ይሆናቸው ነበር። ግን ወዴት ነው የሚወስደው? መጠለያው ይነስ ወይስ ይብዛ? ይብዛ ነው መልሱ። ከአንድ ወገን የወረሰው ካልሞተ ተራዎቹ በብዛት መኖር አለባቸው፤ አለበለዚያ ነገሩ ይፋጠናል። በዚያ ላይ ዘሩ ሁለት የተለያየ መርዝ ያለው መሆን አለበት። አንዱን ያመለጠ በሌላው እንዲሞት። ማንም የቢቲ በቆሎ ይዞ ወደ ጎጃም ቢመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ይሁን፦ መርዙ አንድ ነው ሁለት?

የዝሆኔ ሳሩን ቶሎ ልለፈው። ዝሆኔ ሳር ዳር ላይ፣ ዴስሞዲየም የሚባለውን የመኖ ተክል በበቆሎው መሃል መትከል ኬንያ ውስጥ የተሠራበት ጥሩ ዘዴ ነው። ዴስሞዲየሙ የእሳት እራቷን ይገፋል፣ ዝሆኔ ሳሩ ይስባል። እንቁላሏን ሳሩ ላይ ትጥላለች፤ ትሉ ግን እዚያ በደንብ አያድግም፤ አብዛኛው ይሞታል። እንግዲህ አስቡት። ዝሆኔ ሳር ትል የሚሞትበት ነው። መጠለያ ትል የሚያድግበት ነው። ሁለቱን አንድ ማድረግ ወጥመድን ከቤት ጋር ማምታታት ነው። ቢቲ ለማይፈልግ ገበሬ ዝሆኔ ሳሩን እኔም እመክራለሁ። ከብቱም ይበላዋል። መጠለያ ግን አይሆንም።

መቀላቀሉን በተመለከተ ጸሐፊው ከሁሉም ይልቅ ወደ እውነት የቀረቡት እዚህ ነው። በአንድ ከረጢት ቢቲውና ተራው ተቀላቅሎ ይሸጥ ይላሉ። ገበሬው ሌላ ጣጣ የለበትም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ መርዝ ላለው በቆሎ 5 በመቶ ተራ ዘር በከረጢቱ ውስጥ ተቀላቅሎ ይሸጣል። ቻይናም ሳታስበው ተጠቅማበታለች። በያንግትዜ ሸለቆ ገበሬዎች የድቅሉን ጥጥ ልጅ ዘሩት፤ ከአራት ተክል አንዱ ቢቲ የሌለው ሆኖ በቀለ። ሮዝ ጓይ ትል እዚያ ላይ መቋቋሙ እየቀነሰ ሄደ።

ግን ጓይ ትሉ ሕይወቱን የሚያሳልፈው ባንድ የጥጥ ፍሬ ውስጥ ነው። አገዳ ቆርቁር እንደዚያ አይደለም። ሲፈለፈል ቅጠል ላይ ይውላል፤ ከዚያ ወደ ጎረቤት ተክል ይሻገራል። ተራው ላይ ጠንክሮ ካደገ በኋላ ቢቲው ላይ ቢወጣ ላይሞት ይችላል። ቢቲውን ቀምሶ ሸሽቶ ተራው ላይ ቢያገግምም ያው ነው። ለተምቹም እንዲሁ። ከአንድ ወገን ብቻ የወረሱት የሚተርፉበት ቀዳዳ የሚከፈተው እዚህ ነው። በዚያ ላይ በቆሎ በነፋስ ነው የሚዳቀለው። ተራው ተክል ከጎኑ ካለው ቢቲ ብናኝ ስለሚቀበል ራሱ ላይ ያለው ፍሬ ግማሽ ቢቲ ግማሽ ተራ ይሆናል። ስለዚህ ለጥጥ ቅልቅሉን እቀበላለሁ። ለጎጃም በቆሎ ግን ለብቻው የቆመ ተራ ማሳ ይሻላል እላለሁ።

ሌላ ዘር ይመጣል ለሚለው ፖርቶ ሪኮን አስታውሳለሁ። የኛው መጤ ተምች ነው። እዚያ አንድ የቢቲ በቆሎ በ2003 ገባ። በ2006 ተምቹ አሸንፎት ከገበያ ወጣ። ሦስት ዓመት! አዲስ ዘር ተሠርቶ፣ ተሞክሮ፣ ተፈቅዶ ገበሬው እጅ እስኪገባ ከዚያ በላይ ይፈጃል። ጣና ላይ እምቦጭ በ2011 ሲታይ «ይነቀላል» ብለን ነበር። ከዚያ በኋላ ስንት ክረምት ወገብ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተን እንደነቀልን የባሕር ዳር ሰው አይረሳውም። ገና ሲጀምር ቢያዝ ይቀል የነበረ ሥራ ነበር።

ጸሐፊው ባሕር ዳር ካሉ አንድ ቅዳሜ አብረን መራዊ እንሂድ። አጎቴን ያናግሯቸው። እኔ ባለፈው እሑድ ሄጄ ነበር። ጓሮአቸው ውስጥ የድሮውን በቆሎ ይዘራሉ። ትንሽ ቦታ ነው። ድቅሉ ሊሰጣቸው የማይችለው ጣዕም አለው ይላሉ። ቀድሞ ስለሚዘራ እሸቱ ለፍልሰታ ይደርሳል። ልጆቹ እየጠበሱ ይበሉታል።

«ይኸው መጠለያዬ» አሉኝ በእጃቸው እያሳዩ።

ዘሩ ትክክል ነው አልኳቸው። ጊዜው ግን አይሆንም። ቀድሞ ከተዘራ የእሳት እራቶቹም ቀድመው ወጥተው ያልቃሉ። የትልቁ ማሳ ተራፊ ስትወጣ አይገኙም። ከትልቁ ማሳ ጋር እኩል መዘራት አለበት።

አጎቴ ጓሮውን ትንሽ አዩት።

«እንግዲያው እሸቱ ይዘገያል» አሉ። «ለልጆቹ አንተ ትነግራቸዋለህ።»